ነጭ ጠጠር፣ ጥቁር ጠጠር

ተዋበች አርብ ገበያ ወርዳ ገብስ የምትሸምተው እጇን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከትታ፣ ከሥር ያለውን ዘግና ካየች በኋላ ነው። ሻጮቹ «መጣችብን መርማሪዋ» ይላሉ። እሷም ትስቃለች እንጂ እጇን አታወጣም።

እንዲህ ያደረጋት በእኅቷ በመሰረት የደረሰው ነው። የጎረቤት ልጅ ታሞ አልድን ሲል ጠጠር ጣይ ተጠራ። ሰውዬው ነጭና ጥቁር ጠጠሮቹን ቁርበት ላይ በተርታ ደረደረ፣ አነሳ፣ መልሶ ደረደረ። ከዚያ «የእሷ ዓይን ነው» ብሎ መሰረት ላይ ፈረደ። አገሩ ሁሉ አመነው። መሰረት ቤቷን ዘግታ ንፋስ መውጫ ከተማ ገባች፤ እስከ ዛሬ ለክርስትናም ለለቅሶም ብቅ ብላ አታውቅም።

እናም አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጇ ፀደይ ደጃፍ ላይ ተንበርክካ «ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር» እያለች ጠጠር ስትደረድር ባየቻት ጊዜ ተዋበች ሄዳ ከላይዋ ቆመች።

«ማነው ያስተማረሽ?»

«ቲቸር ናት።»

«ምን ብላ?»

«ደርድሩ ብላ። ከዚያ የሚቀጥለውን እንነግራታለን።»

ተዋበች ጠጠሮቹን በእግሯ በተነቻቸው። ልጅቷ አለቀሰች።

ቲቸር የተባለችው አመተ ሥላሴ ናት፤ አንደኛ ክፍል ያልደረሱትን ሕፃናት በዜሮ ክፍል የምታስተምር፣ ዘንድሮ ከሌላ አገር የመጣች ወጣት። ተዋበች ከመጀመሪያውም አልወደደቻትም ነበር። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ሰው ስታናግር መሬት መሬት ታያለች። «የሚደብቀው የሌለ ሰው ለምን ዓይኑን ይሰብራል?» ትል ነበር ለባሏ ለይበልጣል።

«ዓይናፋር ሆና ነዋ።»

ይህ ለይበልጣል የሚበቃ መልስ ነው።

በማግስቱ ልጇን ልታስወጣ ወስና ሄደች። ግን ከሥር ያለውን ሳታይ መመለስ አይሆንላትምና፣ ፀደይን አስገብታ እሷ በበሩ ስንጥቅ አጮለቀች። መሬቱ ላይ ኬሻ ተነጥፏል። ኬሻው ላይ ጠጠር በተርታ ተደርድሯል። ልክ እንደ ያኔው።

«ከዚህ ቀጥሎስ?» አለች መምህርቷ።

«ነጭ» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

ተዋበች በሩን ገፍታ ገባች። «ፀደይ፣ ተነሺ እንሂድ።»

«እትዬ ተዋበች፣ ምነው፣ በሰላም ነው?»

«ምን ሰላም አለ። ላስተምር ብለሽ ተቀብለሽ ነው ልጅ ጠጠር የምታስጥይ? እኔ ይህን አውቀዋለሁ፣ እታለም። እኅቴን ያሳጣኝ ነው።»

የአመተ ሥላሴ ፊት ፍም መሰለ። መሬት መሬት እያየች «ተቀምጠው ይዩኝ» አለች። «ካልወደዱት ይዘዋት ይሂዱ።»

«ቆሜ አያለሁ።»

መምህርቷ እንደገና ደረደረች። ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ተዋበች ሳታስበው የሚከተለውን በልቧ አለችው፤ ወዲያው ራሷንም ጠረጠረች። መምህርቷ ግን ነጭ በሚገባበት ቦታ ጥቁር አስቀመጠች።

ክፍሉ ተንጫጫ። «ቲቸር ተሳሳትሽ። ቲቸር አይደለም።»

ፀደይ እናቷን ረስታ ብድግ ብላ ወደ ፊት ወጣች፤ ጥቁሩን አንስታ በቦታው ነጭ አኖረች።

«በምን አወቅሽ?» አለቻት አመተ ሥላሴ።

«እነዚህን አይቼ ነዋ። አንቺም ከዚህ ጀምረሽ እያቸው።»

ተዋበች ያ ጠጠር ጣይ ትዝ አላት። ያን ሰውዬ ተሳሳትክ ያለው አልነበረም። መሰረት እንኳ «በምን አወቅህ?» ልትል አፏን ስትከፍት ዝም በይ ተባለች። እዚህ ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ አስተማሪዋን ታርማለች፤ አስተማሪዋም ደስ ብሏታል።

«ጠጠሩን ተይው» አለች በመጨረሻ። «ባቄላና አተር ይሁን። እኔ አመጣለሁ።»

«እሺ።»

«በሩም ክፍት ይሁን። አላፊ አግዳሚው ይይ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ነገም መጥቼ አያለሁ።»

አመተ ሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ይምጡ። ሲመጡ ግን ቁጭ ይበሉ፤ ልጆቹ ከላያቸው የሚቆም ሰው ይፈራሉ።»

ተዋበች ይህንንም ለምን እንዳለችው መንገዱን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። በማግስቱ ባቄላውንና አተሩን በጨርቅ ቋጥራ መጣች። ከበሩ ሥር፣ ቶሎ ለመውጣት በሚመች ቦታ ተቀመጠች። ፀደይን ግን ከልጆቹ መሀል ተወቻት።