ፋኖሱን ወደ ፊቱ ያዞረው አሽከር

ልጅ ሳለሁ፣ የዶሃ ሙቀት በረድ በሚልባቸው ወራት፣ የዕረፍት ቀን በሆነው አርብ፣ ከአበሾቹ ጸሎት ቤት መልስ ወደ ባሕር ዳር እንወጣ ነበር። አባቴ የአየር ማረፊያ መሐንዲስ ስለነበር ቤታችን ደኅና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ሰፈር፣ አል ሰድ ነበር፤ ጋሽ ታደሰ ደግሞ ሙዓይዘር በሚባል ሌላ ሰፈር የአንድ የዐረብ ቤተሰብ ሹፌር ነበሩ። አገር ቤት ቢሆን ምናልባት ባልተዋወቅን ነበር፤ ያኔ ግን ጸሎት ቤቱ አገናኝቶን፣ እናቴ ያለ እሳቸው መውጣት አትወድም ነበር።

ሥጋው ተጠብሶ ከተበላ በኋላ፣ ፍሙ እስኪከስም ድረስ ጊዜው የጋሽ ታደሰና የተረታቸው ነው። ተረቱ ሲጥማቸው ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ፣ እኛ ልጆቹ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ልብሳችን ከሰል ከሰል እየሸተተ፣ ጉልበታቸው ሥር እስክንገባ እንጠጋ ነበር።

አንድ አርብ አባቴ ለጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሰጠ። ስጦታው ደግ ነበር። ነገር ግን ስሙ ሲጠራ በቪዲዮ ሳይቀረጽ ስላለፈው፣ «እንደገና ይጠራልኝ» ብሎ አስደገመ፤ እናቴ መሬት መሬት አየች።

ያን ዕለት ምሽት ጋሽ ታደሰ፣ በጨለማ ከንጉሥ ፊት ፊት ፋኖስ ይዞ ስለሚሄድ አሽከር አወሩልን። አሽከሩ ማን እንደያዘው ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ብሎ መብራቱን ወደ ገዛ ፊቱ አዞረው። ንጉሡን ሊያይ የወጣው ሕዝብ የአሽከሩን ፊት ሲያደንቅ፣ ንጉሡ በጨለማው ውስጥ ሳይታዩ አለፉ።

«እንደ አባዬ!» አለች የአምስት ዓመቷ እህቴ ሩት፣ እያጨበጨበች። ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

«ጋሽ ታደሰ፣ በልጆቼ ፊት መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነው?»

«ኧረ በእግዚአብሔር፣ ኢንጂነር! ይኼን ተረት የማወራው የራሴን ጠባይ ስለማውቀው ነው።» ከምንጣፉ ተነሥተው ጎንበስ አሉ። «ካስከፋሁህ ግን ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ተነሡ እንሂድ» አለን አባቴ።

ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር መውጣታችን ባይቀርም ጋሽ ታደሰን የጠራቸው የለም። እናቴ «ኧረ ታረቃቸው» ባለችው ቁጥር «እሺ፣ ኢንሻአላህ» ይላል። እንዲህ እንደተባለ አሠሪያቸው ማዳም ሌላ ሹፌር ቀጠረችና ጋሽ ታደሰ ጓዛቸውን ጠቅልለው አገር ሊገቡ ሆነ። እናቴ እኔንና ሩትን ይዛ ልትሸኛቸው አየር ማረፊያ ሄደች፤ አባቴ እዚያው ሥራ ላይ ስለነበር ደወለችለት። ሥራ በዝቶብኛል አለ።

«ኢንጂነርን ሰላም በሉልኝ» አሉን፤ ሩትን አገላብጠው ስመው ወደ ውስጥ ገቡ። በሁለተኛው ዓመት ማረፋቸውን ሰማን።

ተረቶቻቸውን አብዛኛውን ረስቻለሁ፤ ይቆጨኛል። የቀረኝ ሳያጠፉ ይቅርታ ሲጠይቁ ያየሁት ፊታቸው ነው፤ እንደዚያ ጎንበስ ብለው እንኳ የተዋረዱ አይመስሉም ነበር። አባቴ ስለ እሳቸው አያነሣም። ባለፈው ግን ከእኔ ጋር ቁጭ ብለን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣

«ጋሽ ታደሰን የሸኛችሁ ዕለት፣ ቢሮዬ እኮ እናንተ ከቆማችሁበት በላይ ነበር» አለኝ። «አንድ ፎቅ መውረድ አቅቶኝ ነው።»