ራዲዮዋ ሲናገር የምታጎነብሰው አውሮፕላን

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ማንም አልተጎዳበትም፣ ማንም አልተሸለመበትም። ግን ትናንት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያችን የጓደኛዬ ስልክ ከስፒከሩ አጠገብ ተቀምጦ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ «ጥርርር» አለ። ሌሎቹ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ያደግሁባት እንጅባራ ትዝ ብላኝ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን እኔና የኔነሽ በሳይንስ ክበባችን ትንሽ አውሮፕላን ሠራን። አጽሟ ቀርከሃ፣ ክንፏ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነበር። ሆዷ ውስጥ መምህራችን ያመጡልን አውቶፓይለት አለ፤ ነፋስ ሲያዘነብላት በራሱ የሚያቃናት ሰሌዳ ነው። ከፍታዋን ወደ መሬት የምትልክበት ራዲዮም ገጠምንላት።

ጣጣው የመጣው ከራዲዮው ነው። ዝም ሲል አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ መላክ ሲጀምር ግን ቀኝ ክንፏን ጥላ ታጎነብሳለች። አንዴ ድንች ማሳ ውስጥ፣ አንዴ ጭቃ ውስጥ ተተከለች። ርእሰ መምህሩ ታግሠውን ታግሠውን በመጨረሻ ቁርጡን ነገሩን፦ «በወላጆች ቀን ሰው ፊት ከወደቀች የክበባችሁን ክፍል የወንበር መጋዘን አደርገዋለሁ።» ለእኛ ያ ጠባብ ክፍል ሁለተኛ ቤታችን ነበር።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ፣ ጉሙ መስኮቱን በሸፈነበት ከሰዓት፣ ትኩስ ቅቅል ድንች በበርበሬ እየበላን ሆዷን ከፈትናት። የየኔነሽ አባት ፈረሰኛ ናቸው፤ የፈረስ ጌጥ መጎንጎን የተማረችው ከእሳቸው ነው። የአውሮፕላኗንም ገመዶች በሙሉ በአንድ ላይ ጎንጉና ጫፉን በቀይ ክር አስራው ነበር። ያየ ሁሉ ያደንቀዋል።

«አንቴናውስ የታለ?» አሉ መምህራችን።

«እዚሁ ጉንጉኑ ውስጥ ነው፣ ቲቸር። እንዳይንጠለጠል ብዬ።»

መምህራችን ሳቁ። «አባትሽ ተራጋጩን ፈረስ ከሌሎቹ ጋር ያስሩታል እንዴ?»

«ኧረ በስማም! ለብቻው፣ ዳር ላይ...» ብላ አፏን ያዘች።

ነገሩ ያ ነበር። ከአንቴናው የሚወጣው ሞገድ አጠገቡ ባሉት ገመዶች እየገባ ለአውቶፓይለቱ የሐሰት ወሬ ያቀብለዋል፤ እሱም አምኖ፣ ቀጥ ያለችውን ላቃና ብሎ ያጣምማታል።

የኔነሽ ጉንጉኗን ስትፈታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለፈረሱ ስጪው» አልኳት።

«ለአንተ አፍ መለጎሚያ ይሆናል!»

አንቴናውን ወደ ጅራቷ አራቅነው። የየመሣሪያውን ገመድ ጥንድ ጥንድ አድርገን ለየብቻ አጠመዘዝን። ከተጣለ የኮምፒውተር ገመድ ጫፍ ላይ ያለችውን ጥቁር ቀለበት ነቅለን በአውቶፓይለቱ ገመድ ላይ አጠለቅናት፤ ሾልኮ የሚመጣውን ሞገድ እሷ ታስቀራለች አሉን መምህራችን። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንዳለች ራዲዮውን ከፈትን። ክንፏ ንቅንቅ አላለም።

በወላጆች ቀን የየኔነሽ አባት ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። አውሮፕላኗ ስትነሳ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። ባሕር ዛፎቹ አናት ላይ ስትደርስ መምህራችን ከመሬት ሆነው ራዲዮዋን ከፈቱ። የኔነሽ ክንዴን ቆነጠጠች። አውሮፕላኗ ቀጥ እንዳለች ሄደች!

«ይቺስ ከእኔ ፈረስ ትሻላለች፤ ገብስ አትጠይቅም» አሉ አባቷ። ርእሰ መምህሩ እንኳ ሳቁ።

ትናንት ስልኩን አንስቼ ከስፒከሩ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ጩኸቱ ጸጥ አለ።

«ምን አደረግኸው?» አለኝ ጓደኛዬ።

«ለብቻው አሰርኩት» አልኩት። ስላልገባው ይህን ልጽፍለት ተቀመጥኩ። አንዳንድ ነገር የሚበላሸው ሰው ስለሰነፈ ሳይሆን አሳምሮ ለመሥራት ስለጓጓ ነው፤ እኔም በየፈተናው መልሴን አሳምራለሁ ስል የምሳሳተው በዚሁ ነው።

ለነገሩ፣ በዚያ ዓመት ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ተፈልጎላቸው ክፍሉ ለክበባችን የጸናው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ነው።