አንገቴ ላይ ያደረው ድሙይ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ኩሽና ድረስ መጣች። «እማ፣ የ‹ጊቭ አዌይ› ተቃራኒ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ አስቀምጬ ሳላስበው አንገቴን ዳበስኩ። ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታድርግ፣ እኔን ያ ቃል ምን እንዳደረገኝ አታውቅ!

ልጅ እያለሁ ጋምቤላ ገና ክልል መሆኗ ነበር። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ ቀለሙ በቅጡ አልደረቀም። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቁስል የሚያጥብና መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነው፤ ከተማው ሁሉ ግን «ዶክተር» ይለዋል። እናቴ ቀን ሙቀቱን ስትረግም ትውልና ማታ ከባሮ ወንዝ የሚመጣውን ነፋስ ስትመርቅ ታመሻለች። ትምህርት ቤታችን ማንጎ ዛፎች መሀል ስለነበር ክፍላችን ጠመኔና የበሰለ ማንጎ ይሸታል፤ ንፋሱ ከወንዙ በኩል ከሆነ ደግሞ የሚጠበስ ዓሣ ይጨመርበታል፣ ያኔ ትምህርት የሚባል ነገር አይገባንም።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ዳምጠው ቃልን ሰሌዳ ላይ ጽፎ መተው አይወድም። ሁለት ሁለት እያጣመረን ቃል ያድለናል፤ ትርጉሙን፣ አመጣጡንና ተቃራኒውን አጥንተን፣ ከቤት ዕቃ አምጥተን በተግባር ማሳየት ግድ ነው። «ፑት ኦን» የደረሳቸው ልጆች በዚያ ሙቀት ካፖርት ለብሰው ላብ አጠመቃቸው። ለእኔና አብሮኝ ለሚቀመጠው የአኙዋ ልጅ ለኦጁሉ «ጊቭ አዌይ» ደረሰን። መስጠት ነው፤ ምስጢር ማውጣትም፣ ሙሽራ መዳርም ይሆናል። ቲቸር ዳምጠው «አዌይ» ጥንት «መንገድ ላይ» ማለት እንደነበር ነገረን፤ የሰጡትን ነገር መንገድ ያስጀምሩታል እንደማለት። ተቃራኒውን እኔ «ኪፕ» ብዬ ጻፍኩ፣ ማስቀረት። ኦጁሉ ግን ራሱን ነቀነቀ። «እኛ ጋ የተሰጠ ነገር ዞሮ ይመጣል» አለ።

ልናሳይ በወጣንበት ቀን እኔ እርሳስ ይዣለሁ። ኦጁሉ «እርሳስ ምን ስጦታ ነው?» አለና ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰማያዊ ዶቃ አወጣ። ዶቃው አርጅቷል፣ የእጅ ብዛት አለስልሶታል። ክፍሉ ፊት አንገቴ ላይ አሰረልኝና «አይ ጊቭ ኢት አዌይ!» ሲል የኋላ ወንበር ላይ ያሉት የአኙዋ ልጃገረዶች እልልታቸውን አቀለጡት፤ ከዚያ እየተደጋገፉ ሳቁ። ሳቁ አልገባኝም። ዶቃውን ፈትቼ ሳልመልስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ጋምቤላ ላይ ያ ማለት ትምህርት አበቃ ማለት ነው፤ ሁላችንም ወደየቤታችን ሮጥን።

እናቴ አይታ «ማን ሰጠሽ?» አለችኝ። «ኦጁሉ» አልኳት። «የተባረከ ልጅ» አለች። አንገቴ ላይ እንዳለ ተኛሁ።

ጠዋት የኦጁሉ አባትና አጎቱ ደጃችን ቆመው አገኘናቸው። ኦጁሉ ከኋላቸው መሬት መሬት ያያል። አባቴ ወንበር አወጣላቸው፣ ውሃ ጠጡ፣ ዝናቡን አመሰገኑ፣ የሁላችንንም ጤና ጠየቁ። ከዚያ አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር፣ ልጅህ አንገት ላይ የእኛ ድሙይ አለ ተባለ። እኛ ጋ ድሙይ ሴት ልጅ ቤት የሚሄደው ለጋብቻ ነው። እንግዲህ አማች ሆነናል ወይ ብዬ ልጠይቅ መጣሁ።»

«በስመ አብ!» አለች እናቴ ከውስጥ።

ድሙይ ማለት አኙዋ ሚስት ሲያገባ ለልጅቷ ቤተሰብ የሚሰጠው ዶቃ ነው። ገበያ ወጥተው አይገዙትም፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ነው። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ የኦጁሉ ታላቅ ወንድም የኡመድ እጮኛ ቤተሰቦች ሊረከቡት ይመጣሉ። ካልተሟላ ጋብቻው የለም።

ይህን ስሰማ ደነገጥኩና ቋጠሮውን ሳብ አደረግሁት። ክሩ ተበጠሰ። ዶቃው ሲሚንቶው ላይ ተበተነ፤ አልጋ ሥር፣ በርሜል ሥር፣ የአባቴ የመድኃኒት ካርቶኖች መሀል። እናቴ አልጋውን ጎተተች፣ አባቴ ባትሪውን አበራ፣ የኦጁሉ አባትና አጎቱ ሳይቀሩ በጉልበታቸው ተንበረከኩ። እኔ እየለቀምኩ አለቅሳለሁ። ኡመድ ቢስክሌቱ ላይ ስንቴ አፈናጦኛል! በእኔ ምክንያት ሳያገባ ሊቀር ነው።

የሚሰካበት ክር ጠፋ። አባቴ ሄዶ የቁስል መስፊያ ክሩን አመጣ። አጎትየው በዚያ ክር አንድ በአንድ ሰኩ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳሰሱት። ሁላችንም ጣታቸውን እናያለን። ቆዩ። ቆዩና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ሙሉ ነው» አሉ።

እናቴ እልል አለች። እኔ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ፤ ከዚያ ወዲህ ስንት የምሥራች ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን የተነፈስኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። አጎትየው ወደ አባቴ ዞረው «ለዚች ልጅ ግን ይሄ አይበቃም፤ እሷ ውድ ናት» ሲሉ አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኦጁሉም ያኔ ነው ቀና ያለው። ከሰዓት በኋላ ድግሱ ላይ ነበርን፤ ድሙዩም በአባቴ ክር እንደታሰረ ወደ ሙሽራዋ ቤተሰብ ሄደ።

ዛሬ ቢሆን እላለሁ አንዳንዴ። ዛሬ ስልክ ይደወላል፣ ቃል ይወረወራል፣ ነገሩ ጣቢያ ይደርሳል። እነዚያ ሰዎች የልጃቸው ትዳር በእኔ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እያለ እንኳ መጀመሪያ ጤናችንን ነው የጠየቁት። አባቴም እነሱም አሁን የሉም።

አምና ኦጁሉ ደውሎልኝ ነበር። የኡመድ ልጅ ተዳረች፤ ለእሷ ከመጣው ድሙይ መሀል አንዱን ኡመድ ገና ሲያየው አወቀው አለኝ። «የአባትሽ ክር ነው፤ እስካሁን አልተበጠሰም።»

ልጄ «ኪፕ» ብላ ጽፋለች። መጽሐፏም የሚለው እንደዚያ ስለሆነ አላረምኳትም። ሽንኩርቱን ትቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና «ነይ፣ የአያትሽ ክር ዶቃ የሰፋበትን ቀን ልንገርሽ» አልኳት።