በማርያም ደጅ ያሰፋሁት የእግር መንገድ

ባለፈው ሳምንት ለደም ግፊቴ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እማማ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ባጃጅ የማይጋፋዎት መንገድ በሰፈርዎ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«አለ እንጂ! እኔው ነኝ የሠራሁት» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

መንገዱን ስሠራ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለአንድ የመንገድ ተቋራጭ በቀያሽነት ተቀጥሬ፣ ሜትር ስጎትትና ችካል ስቸክል እውል ነበር። ከገበያው እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ያለው ጭቃ መንገድ ኮብልስቶን ሊነጠፍበት ሆነ። የመኪናውን መንገድ ትልልቆቹ ያዙት፤ የእግረኛው ግን እንደ ትርፍ ነገር ስለሚታይ ንድፉ ለእኔ ተጣለልኝ። ማንም ሳያየኝ በደስታ ዘለልኩ።

የደስታዬ ምክንያት አባቴ ነበሩ። አባባ ዕድሜያቸውን ሁሉ በሬ እየተከተሉ ያረጁ ገበሬ ናቸው፤ እኔ ዘንድ ከተማ ከገቡ ወዲህ ግን ከወንበር ጋር ተጋቡ። ስኳር ያዛቸው። ሐኪም እግራቸው እንዳይቆረጥ ሰግቶ በየጠዋቱ እንዲራመዱ ቢያዛቸውም ባጃጅ ፈርተው ከደጅ አይወጡም። «በሬስ ያውቀኛል፤ ይኼ ባለ ሦስት እግር ግን ከኋላዬ መጥቶ ነው የሚጮኽብኝ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ንድፉን ስሥል በልቤ የምሥለው ለእሳቸው ነበር።

መስከረም አሥራ ዘጠኝና ሃያ ቀን ሄጄ ለካሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የአንድ ሜትር ተኩል መንገድ አወጣሁ። ንድፉ ጸደቀ፣ የጠርዙ ድንጋይ ተደረደረ፣ የቀረው ሲሚንቶ ማፍሰስ ብቻ ሆነ። እሱም ለሰኞ ተቀጠረ።

ቅዳሜ ጠዋት አባባን «ይምጡና መንገድዎን ይመርቁ» ብዬ አወጣኋቸው። ጥቅምት ነው፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ጆሮ ይቆነጥጣል። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ቀድመውኝ ሄዱ። ደጁ ስንደርስ ግን መንገዱ በሰው ተዘግቷል። ቀኑ ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበር! አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ይሳለማል፤ ገሚሱ ይሰግዳል። ገበያተኛው ማለፊያ ሲያጣ ሸክሙን እንደያዘ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። አባባም ወረዱ። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ጋቢያቸውን ገፈፈና በጉልበታቸው ጣላቸው።

ጉዳት አልደረሰባቸውም። የደረደርነው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ግን፣ «ተይው ልጄ። እኔ ቤቴ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሉኝ። ከዚያ ቃል ይልቅ ባጃጁ እኔን ቢገጨኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ራሴ በየወሩ በሃያ አንድ እዚያው ደጅ የምሰግድ ሰው፣ ስለካ ቀኑን እንዴት እረሳለሁ? አንድ ቀን ብታገሥ ኖሮ አየው ነበር።

አባባን ቤት አድርሼ፣ ከሥራ ቦታው መጋዘን አንድ ባልዲ ኖራ ይዤ ተመለስኩ። የሚሳለሙት ሰዎች እስከ ቆሙበት ድረስ፣ ከተረከዛቸው ኋላ እየዞርኩ መሬቱ ላይ አሰመርኩ። አንዲት እናት ዞር ብለው፣ «ምነው እቴ፣ በኖራ ልታጥሪን ነው?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ቦታዎን እየለካሁ ነው።»

ሰው ሲበተን ነጩ መስመር እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ መኪናው መንገድ ተነፍቶ ታየ።

ሰኞ ማለዳ የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር መጡ። ቆጣ ያሉ ሰው ናቸው። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ንድፉ ጸድቋል እኮ! የሣልሽውም አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። በዓል ባልሆነ ቀን ነው የለካሁት። እስከ ኖራው ድረስ ይስፋልኝ።»

«መኪናው የት ይሂድ?»

«ቀስ ብሎ ይሂድ። በማርያም ደጅ ምን ያሮጠዋል?»

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር ዞሩ፤ ለካ ገና አልተሳለሙም ኖሯል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። ቀና ሲሉ እግራቸውን አዩ፤ የቆሙት ከድንጋዩ ውጭ፣ ልክ ኖራው ላይ ነው። ወደ ሠራተኞቹ ዞረው፣ «ድንጋዩን አንሡት» አሏቸው። ለእኔም፣ «ስህተቱን በስምሽ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ» አሉኝ። ፈረምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ እያለኝ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

አባባን መልሶ ማውጣት ሌላ ልመና ነበር። መንገዱ ባለቀ በሳምንቱ ግን ብቻቸውን እስከ ገበያ ሄደው፣ የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ተመለሱ። «አሁንስ እግሬ አገሩን ለመደ» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ክረምታቸው ድረስ ሲራመዱ ኖሩ፤ ያ ሐኪማቸው የፈራላቸው እግርም ሳይቆረጥ አብሯቸው ተቀበረ። ኮራሁ። ዛሬም እኮራለሁ፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ?

እነሆ ከሐኪሙ ከተመለስኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። የስፖርት ጫማ ያጠለቁ ወጣቶች፣ ቅርጫት ያዘሉ ገበያተኞች፣ ደብተር የያዙ ልጆች ያጋጥሙኛል። ማን እንዳሰፋው የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ጉልበቴ ደክሞ ዝግ ስለምል ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ እየቀደመኝ ይሄዳል። ሲያልፈኝ ግን አንዱም ወደ መኪናው መንገድ አይወርድም።