ግማሽ ሻሽ

ብርዱ ሲጀምር የቤቱ ማሞቂያ፣ ሂተሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሚለቀውን ሽታ ታውቂዋለሽ? በበጋው የተከማቸው አቧራ ሲቃጠል የሚሸት ነው። ሌላው ሰው መስኮት ይከፍትለታል፤ እኔ ግን ሥራዬን አቁሜ ባለሁበት እቀራለሁ። እዚህ ዴንቨር፣ ሴንትራል ፓርክ ሰፈር ካለው ቤቴ ቤዝመንት፣ ከምድር ቤቱ፣ ትንሿ ፋን ማጉረምረም ትጀምራለች። ቀጥሎ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከዚያ እሳቱ ቧ ብሎ እስኪያያዝ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ልጆቼ "ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ዘ ሂተር"፣ ሂተር እኮ ነው፣ እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ከሃቫና ስትሪት ገባ ብሎ ባለ አሮጌ ቤት ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አባቴ አገር ቤት ሳለ የወፍጮ ቤት ሞተር ጠጋኝ ነበር፤ እዚህ ዳውንታውን ዴንቨር ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነበርኩ። ደብዳቤ የማነበው፣ ስልክ የምመልሰው፣ ምን እንደሚበላ የምወስነው እኔ ነኝ። አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። የእናቴን ቦታ ለማንም ላለማስነካት የቆምኩ ዘበኛ ነበርኩ።

ከዚያ አክስቴ መጡ። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በሰፈራቸው ወጌሻ ነበሩ፤ ወለም ያለው ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ነገር የሚያውቁት በእጃቸው ነበር። የሰው ግንባርም ይሁን ግድግዳ መዳፋቸውን ያሳርፉና ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አባቴ "እትዬ እስከ ፋሲካ ይቆያሉ፤ ከለመዱት ግን እዚሁ ይቀራሉ" አለኝ። እንዲቀሩለት ምን ያህል እንደሚመኝ ከሥራ ሲመለስ ደረጃውን ከሚወጣበት አረማመድ ይታወቅ ነበር። እኔ ደግሞ ፋሲካ እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

አክስቴ እንደ ንፋስ የሚፈሩት ነገር አልነበረም። በታክሲ መስኮት የሚገባውን፣ አንገት የሚያጣምመውን ንፋስ ማለቴ ነው፤ የእኛ ሰው በሽታውን ሁሉ በእሱ ያመካኝ የለ? የበሩን ሥር በፎጣ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በወረቀት ይወትፉ ነበር። "ብርድ ሌባ ነው፣ በቀዳዳ ነው የሚገባ" ይላሉ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ የወተፉትን እነቅላለሁ። አንድም ቀን ለምን ነቀልሽው ብለውኝ አያውቁም።

የገና ሰሞን ኃይለኛ ብርድ መጣና ሂተሩ አልነሳም አለ። ትንሿ ፋን ታጉረመርማለች፣ እሳቱ ይቀራል፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ። ከአምስት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ቤቱ ለብ ማለት ሲጀምር ግን መልሶ ይጠፋል። ባለሙያ እንጥራ ብዬ ብለምነው አባቴ "ሞተር አይደለም እንዴ? ሞተር ሕመሙን ይናገራል" ብሎ እንቢ አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ ቤዝመንት ይወርድ ነበር። ባትሪ እያበራሁ፣ ክዳኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን እንግሊዝኛ አነብለታለሁ። ቀይዋ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ ትልና ታርፋለች፤ እንደገና ሦስት ጊዜ። "ሦስት ጊዜ ካለች አየር በደንብ አይተላለፍም ማለት ነው" አልኩት። ፊልተሩን ቀየረ። ቀጭኗን የጎማ ቱቦ ነቅሎ በአፉ እፍ አለባት። እሳት መኖር አለመኖሩን የምታጣራዋን ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጋት። ከዚያ "በይ አሁን!" ሲለኝ ሮጬ ወጥቼ ሙቀቱን ከፍ አደርጋለሁ፤ እሱ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ጆሯችንን አቁመን እንጠብቃለን። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ አብረን የጠበቅነው ነገር አልነበረም። አክስቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው "እኔስ ምን ልርዳችሁ?" ይላሉ። "አይ፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ አይደለም" እላቸዋለሁ።

በአራተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴን እንኳን ደህና መጡ ለማለት እንግዶች መጡ። ሙዝና ለስላሳ ይዘው፣ ጃኬታቸውን እንደለበሱ ሳሎን ውስጥ ተኮራምተው ተቀመጡ። አባቴ ከማፈሩ የተነሳ ቀና ብሎ አላያቸውም። አንዱ እንግዳ "ውጭ ያለውን ቱቦ አይታችኋል? በረዶ ደፍኖት እንዳይሆን" አለ። ብድግ ብዬ ወጣሁ።

ከቤቱ ጎን፣ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ሁለት ነጭ ቱቦዎች አሉ። አንዱ የሂተሩን ጭስ ያስወጣል፣ ሌላው ከውጭ አየር ይስባል። የሚያስወጣው ክፍት ነበር። የሚስበው ውስጥ ግን ጨርቅ ተወትፏል። ጎትቼ አወጣሁት። ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ሻሽ ነው፣ መሃል ለመሃል የተቀደደ። ሌላው ግማሽ ሳሎን ውስጥ፣ አክስቴ ራስ ላይ ነበር።

በረዶውን ከጫማዬ እንኳ ሳላራግፍ ገባሁ። ጨርቁን በሰው ሁሉ ፊት ከፍ አድርጌ ይዤ "እርስዎ ነዎት! ይሄን ሁሉ ቀን በብርድ ያስቀጡን እርስዎ ነዎት! የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካሉ? ይሄ የእናቴ ቤት ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው። አንዷ እንግዳ ሳቋ አመለጣት። አክስቴ እጃቸውን ወደ ሻሻቸው ላኩ፣ የተቀደደውን ጠርዝ ዳሰሱት።

"አላወቅኩም፣ እናቴ" አሉ። "ይቅር በይኝ።"

በዕድሜ አያቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሴት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። በዚያው መሃል ከሥር ቀጭ አለ፣ እሳቱም ቧ ብሎ ተያያዘ። ሙቀቱ ሳሎኑን ሞላው። ጃኬቱን ያወለቀ ሰው ግን አልነበረም፤ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተሰናብተው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ አክስቴ በቤቱ ውስጥ ምንም ነገር በራሳቸው አልነኩም። መብራት ሊያበሩ "ላብራው?" ይሉኛል። የምነቅለው ውታፍ አልነበረም። የሻሹ ወሬ በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መሳቂያ ሆነ፤ እሳቸውም ጉልበቴን አመመኝ ብለው እሑድ እሑድ ቤት መቅረት ጀመሩ። ፋሲካ ሲያልፍ አባቴ ይቅሩ ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። "ሰው ሥራ ከሌለው ቤት ምን ይሠራል?" አሉት።

ኤርፖርት ስንሸኛቸው አገላብጠው ሳሙኝና መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳርፈው ዐይናቸውን ጨፈኑ። "አሁን ደህና ነው" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ስንመለስ አባቴ መንገዱን እያየ "ያ ቱቦ ያንቺ መስኮት ሥር ነው" አለኝ። "ጠዋት ጠዋት ስትስይ ይሰሙሽ ነበር። ወጥተው ሁለቱንም ቱቦ በእጃቸው ዳሰሱ። አንዱ ሙቅ ሆነባቸው፣ ተዉት። ብርዱን የሚስበውን ግን፣ ልጅቷን የሚያሳምማት ይሄ ነው ብለው ከራሳቸው ላይ ቀደው ወተፉት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አስማሉኝ። ካወቀች ታፍራለች፣ ልጅ ናት፣ አሉ።"

እስከ ቤታችን ድረስ አለቀስኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ለወጌሻም ቢሆን። ለዓመታት እሑድ እሑድ በስልክ እንገናኝ ነበር። ገና ድምፄን ሲሰሙ "ሂተሩ ይነሳል?" ይሉኛል። "ይነሳል፣ አክስቴ" እላለሁ። ይቅርታዬን ምላሴ ጫፍ ላይ አደርሰዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ቶሎ ብለው ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደገና ለሚቀጥለው እሑድ አሳድረዋለሁ። አምና መርዶ ሊነግረኝ የደወለው የጎረቤታቸው ልጅ ነበር። ስልኩን ሳነሳ "ሂተሩ" የሚል ቃል አልሰማሁም።

ግማሹ ሻሽ እኔ ጋ ነው፤ አባቴ አጥቦ ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀምጦት ኖሮ ቤት ስገዛ ሰጠኝ። አሁን በረዶ በጣለ ቁጥር ከቤቴ ጎን እሄድና ቱቦዎቹን እጠርጋለሁ። ጓንቴን አውልቄ መዳፌን ከሚስበው ፊት አደርጋለሁ። አየሩ በጣቶቼ መሃል እየበረደ ሲያልፍ ዐይኔን እጨፍናለሁ፤ ከውስጥ እሳቱ ሲያያዝ ይሰማኛል።

"ይነሳል፣ አክስቴ" እላለሁ፣ ሳይጠይቁኝ።