የልጅቷ ሩጫ

ስፖርት መሥራት ዓይነት አንድ የስኳር ሕመምን ያዘገይ እንደሆነ ስለሚፈትሽ ጥናት ልዘግብ ነበር። ተመራማሪው ካዛንቺስ የምትኖር አንዲት ተማሪ ጠቆመኝ። ደሟ ውስጥ ምልክቱ ታይቷል፤ ሕመሙ ግን ገና አልጀመራትም። እጇ ላይ ያሰሩላት እንቅስቃሴ መዝጋቢ ሰዓት እንደሚያሳየው፣ ከተሳታፊዎቹ እንደ እሷ የሚሮጥ የለም።

እናትየዋ በስልክ «ማለዳ ስታዲየም ጋ ና» አሉኝ። ስደርስ እሳቸው ብቻ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ሰዓቱን አስረው ይሮጣሉ። አልቆም ስላሉኝ አብሬያቸው ሮጥኩ።

«ልጅቷስ፣ እትዬ?»

«ተኝታለች። ሕመም የሚያሰጋትን ልጅ ላድክማት እንዴ?»

«የእርስዎ ሩጫ እኮ በሽታውን አያዘገይላትም!»

«ምን ነካህ ወንድሜ? የንስሐ ስግደቷንስ የምሰግድላት እኔ አይደለሁ?»