ጋሽ አዘዘ ገና አልተወለዱም

ሱምያ ፔዳ በሚባለው ሰፈር በተከራየቻት ጠባብ ክፍል ውስጥ ድምፅ ኤዲት ታደርጋለች። አባቷ አንዋር የጣና ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ልጃቸው ጆሮዋን በማዳመጫ ከድና የሰው ወሬ ስትሰማ መዋሏ እንዴት ሥራ እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

አንድ ቀን ከፋብሪካ ጡረታ የወጡት ጋሽ አዘዘ ፍላሽ ይዘው መጡ። ማክሰኝት ለምትኖረው ልጃቸው ለፅጌ ማርያም የሕይወት ታሪካቸውን በስልክ ቀድተውላታል፤ ሳያቋርጡ፣ በአንድ ፋይል።

«‹ማለት ነው› የምትለዋን ብቻ አውጪልኝ» አሉ። «አበዛኋት መሰለኝ።»

ፋይሉ ሲያዩት ትንሽ ነበር። ትንሽ የሆነው ግን ተጨምቆ ነው። ሱምያ በኤዲቲንግ ፕሮግራሟ ስትከፍተው የታመቀው ሁሉ ይዘረገፍ ጀመር። ኮምፒውተሩ አቃሰተ፣ ማራገቢያው ጮኸ፣ በመጨረሻም «ቦታ ሞልቷል» ብሎ ድርቅ አለ። የደንበኞቿን የሠርግ ቪዲዮዎች ወደ ሌላ ዲስክ አሻግራ ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

«ጋሽ አዘዘ፣ ፋይልዎ እኮ ሲከፈት አሥር እጥፍ አበጠ!» አለቻቸው ደውላ።

«ሕይወቴ ሰፊ ነው» አሉ ኮራ ብለው።

በኋላ እንደተጨመቀ፣ ሳይከፍት የሚቆራርጥ ሌላ ፕሮግራም አገኘች። ቁርጥራጩን አንድ በአንድ እየከፈተች «ማለት ነው»ን ትለቅም ጀመር። በትረካው የጋሽ አዘዘ አያት መጡ፤ የአያትየው ወንድም ተከተሉ፤ የወንድምየው በሬ ገደል ገባ። በሬው ብቻውን አንድ ሰዓት ፈጀ። ቢቸግራት እንደገና ደወለች።

«ጋሽ አዘዘ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ሰማሁ። እርስዎ ገና አልተወለዱም!»

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ? እናቴ እንኳ ገና አላገባችም።»

በመጨረሻው ቁራጭ እናትየው ምጥ ያዛቸው፣ አዋላጅ ተጠራች፣ ሕፃኑ አለቀሰ። ቀረጻውም እዚያው ላይ ቆመ።

ጋሽ አዘዘ ሥራውን ሊሰሙ መጡ። ማዳመጫውን አጥልቀው ጥቂት እንደቆዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!»

«እኔ እንዲህ አልጣደፍም። ጅብ የሚያባርረው ሰው አስመሰልሽኝ! ‹ማለት ነው›ዬን መልሺልኝ።»

ሱምያ ዋናውን ቅጂ አላጠፋችውም ነበርና ሳቋን ዋጥ አድርጋ መለሰችላቸው።

«ግን ከተወለዱ በኋላ ያለውስ የት አለ?»

«ስልኩ ሞላ እንጂ እኔ መች ጨረስሁ! አሁን አዲስ ስልክ ይዣለሁ፤ ትልቅ ነው፣ ብዙ ይይዛል።»

ሱምያ ሸኘቻቸውና በሩን ቆልፋ ትልቅ ዲስክ ፍለጋ ወጣች።